ቪፒኤን አልገናኝም ሲል፦ ነገርን ከሥሩ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። እኔ ግን ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ላይ ነገሩን ከጫፉ ይዤ አንድ ሌሊት ሙሉ ተንገላታሁ። ታሪኩ እንዲህ ነው።

ለዜና ዘገባ ኮርስ አራት ሆነን የቡድን ሥራ ተሰጠን። የእኔ ድርሻ በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ቆይታ ደመወዟን የተከለከለች አንዲት ሴት ማነጋገር ነበር። ሴትየዋ ለመናገር የተስማማችው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ስሟም ሆነ ድምፅዋ ከቡድናችን ውጭ ሰው ጋ እንዳይደርስ። «ቃሌ ነው» አልኳት። የተቀዳው ድምፅ መቀመጥ ያለበት ለቡድኑ በተሰጠ ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን፣ ከቤት ሆኖ እዚያ የሚገባው በቪፒኤን ብቻ ነው። ማስረከቢያው ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ነበር።

ማክሰኞ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በጋራ የምንጠቀምበት አሮጌ ኮምፒዩተር ፊት ተቀመጥኩ። ቪፒኤኑ የተጫነልኝ እሱ ላይ ብቻ ነው። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ትንሽ አሰበና በቀይ ጽሑፍ አልገናኝም አለ። ደገምኩት። አሁንም እንቢ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ አትሳቁ። ራውተሩን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ፓስወርዱን አሥር ጊዜ ጻፍኩ። ፋየርዎሉን አጠፋሁ። አንድ ስሙን የማላውቀውን ነፃ ቪፒኤን በስልኬ አውርጄ፣ በፍላሽ አምጥቼ ጫንኩ። የመጀመሪያውን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ምንም የለም። እኩለ ሌሊት ላይ አንዱ የቡድናችን ልጅ ደወለና «ምን አደከመሽ? በቴሌግራም ላኪውና እንገላገል» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ልልከው ነበር። ነገር ግን ተራው የቴሌግራም መልእክት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተቆለፈ አይደለም፤ እንደዛ የሚሆነው «ሚስጥራዊ ውይይት» የሚባለውን ስንመርጥ ብቻ ነው። የሴትየዋ ፊት ድቅን አለብኝና ተውኩት። ሳልልክ ተኛሁ።

ጠዋት እናቴ በአንድ ወቅት ኮምፒዩተር ይጠግኑ የነበሩትን ጎረቤታችንን ቡና ጠርታ ኖሮ፣ ኮምፒዩተሩን አዩልኝ። ምንም ሳይነኩ የስክሪኑን ጥግ ተመለከቱና «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ኮምፒዩተር ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነው ያለው?» አሉኝ። አየሁት። «2017 ነው፣ ጋሼ። ልክ ነዋ!» አልኩ። ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። እኔም ትንሽ ቆይቶ ገባኝ። በዋዜማው መብራት ሄዶ ሲመለስ የኮምፒዩተሩ ቀን ወደ ድሮ ዘመን ተመልሶ ነበር፤ የስድስተኛ ክፍል ተማሪው ወንድሜ «ላስተካክለው» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ሞላው። ኮምፒዩተሩ ግን የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ነው፤ ማለትም 2025። በእሱ ቤት ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄደናል!

ቀኑን አስተካከልን። አሁንም አልገናኝም አለ። ለምን? ሌሊት የጫንኩት ነፃ ቪፒኤን ከበስተጀርባ ሆኖ መንገዱን ይዞታል። እሱን አጥፍተን ኮምፒዩተሩን ዘግተን ስንከፍተው ወዲያው ተገናኘ። ፋይሉ የገባው ግን 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ነጥብ ተቀነሰብን። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳነብና ስሞክር ቆይቻለሁ፤ እናንተ እንደ እኔ እንዳትሆኑ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ቪፒኤን ምንድነው?

ወደ ክፍለ ሀገር ፖስታ ስንልክ ለአውቶቡስ ረዳት እንሰጣለን። ፖስታው ላይ የተቀባዩ ስም ስላለ ረዳቱም፣ ኬላ ላይ የሚፈትሸውም ለማን እንደሚሄድ ያያሉ። ቪፒኤን ማለት ፖስታዎቻችንን ሁሉ በአንድ የተቆለፈ ሻንጣ ከትቶ መላክ ነው። ከውጭ የሚታየው ሻንጣውን የሚቀበለው ሰው አድራሻ ብቻ ነው፤ ይህ ተቀባይ ሰርቨር ይባላል። እሱ ሻንጣውን ከፍቶ ፖስታዎቹን ለየባለቤታቸው ያድላል።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ቁም ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ አውቶቡስ ከሌለ ሻንጣ ዋጋ የለውም። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ቪፒኤን ማንንም ሊያገናኝ አልቻለም፤ መንገዱ ራሱ ተዘግቷልና። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ግን የተገደቡት ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ነበሩ፤ ኢንተርኔቱ ስላለ ብዙ ሰው በቪፒኤን ገባ። ሁለቱን መለየት የግድ ነው። ሁለተኛ፣ ኬላው ላይ ያለው ሰው የሻንጣውን ውስጥ ባያይም ሻንጣ መሆኑን አውቆ ሊመልሰው ይችላል። ሦስተኛ፣ ሻንጣውን የሚከፍተው ሰው ማን ለማን እንደላከ ያያል፤ ፖስታው ራሱ ያልታሸገ ከሆነ ደግሞ ውስጡንም ያነባል። ስለዚህ የምታምኑትን መምረጥ አለባችሁ።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ሕጉ አንድ ነው፤ ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ የለወጡትንም መጻፍ።

1. የተጻፈውን አንብቡ

ቀዩን ጽሑፍ ዘግታችሁ እንደገና ከመሞከር በፊት አንብቡት። የዊንዶውስ የራሱን ቪፒኤን የምትጠቀሙ ከሆነ ቁጥር ይሰጣችኋል። 691 ካለ የተጠቃሚ ስም ወይም ፓስወርድ አልተቀበለም፣ አለበለዚያም የማረጋገጫው ዘዴ አልተፈቀደም ማለት ነው። 868 ካለ የሰርቨሩን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ መተርጎም አልቻለም። 800 ወይም 809 ካለ ሰርቨሩ ጋ አልደረሰም፣ ወይም መልስ አላገኘም፤ ብዙውን ጊዜ መሃል ላይ ራውተር ወይም ፋየርዎል አግዶታል። 789 ካለ ኤልቱቲፒ በሚባለው ዓይነት ግንኙነት የመጀመሪያው የምስጢር ስምምነት ከሽፏል፤ በቅድሚያ የጋራ ቁልፉን አረጋግጡ። እነዚህን አምስቱን መለየት ብቻ ግማሹን ሥራ ያቀልላል። ለምሳሌ 691 ሰርቨሩ ጋ ደርሳችሁ በር ላይ ተመለሳችሁ ማለት ነው፤ ስለዚህ ራውተር መንቀል ትርፉ ድካም ነው።

እኔ ያን ሌሊት ብሮውዘሩ ራሱ «ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል» እያለ ሲነግረኝ ነበር። «ኔትወርኩ ነው» እያልኩ ዘጋሁት። ጋዜጠኛ ልሆን የምማር ሰው ፊት ለፊቴ የተጻፈውን አላነበብኩም!

2. ያለ ቪፒኤን ኢንተርኔት አለ?

ቪፒኤኑን አጥፉና ከዚህ በፊት ከፍታችሁት የማታውቁትን ድረ ገጽ ክፈቱ። የምታዘወትሩት ገጽ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ስለሚችል ያታልላል። ቀጥሎ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ ፒንግ የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉና ክፍት ቦታ ትታችሁ 8.8.8.8 በሉ። ይህ የጉግል አድራሻ ነው። መልስ ከመጣ መንገዱ አለ። ቁጥሩ መልስ እየሰጠ ድረ ገጾች በስማቸው ካልተከፈቱ ችግሩ ምናልባት ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ላይ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ፈተና ግን ይህ ነው። መጀመሪያ ያንኑ ኮምፒዩተር ከቤት ዋይፋይ አውጥታችሁ በስልካችሁ ሆትስፖት ሞክሩት። በስልክ ዳታ ከሠራ ጥፋቱ የቤቱ ራውተር ወይም መስመር ነው። በሁለቱም እንቢ ካለ ጥፋቱ ወይ ኮምፒዩተሩ ላይ ወይ ሰርቨሩ ላይ ነው። ያኔ ቪፒኤን ያለው ጓደኛችሁን ደውላችሁ «ለአንተ ይሠራል?» በሉት። ለእሱም እንቢ ካለው ሰርቨሩን የሚያስተዳድረውን ሰው መጥራት ነው እንጂ የራሳችሁን ኮምፒዩተር መነካካት አያስፈልግም። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ራውተሩ ንጹህ መሆኑን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አውቅ ነበር።

3. ቀንና ሰዓት

ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳየው ሰርተፍኬት በሚባል መታወቂያ ነው። መታወቂያው የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የእናንተ ኮምፒዩተር 2017 ላይ ሆኖ መታወቂያው በ2025 የተሰጠ ከሆነ «ይህ ገና ያልተሰጠ መታወቂያ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ጥፋት የለበትም፤ ሥራውን ነው የሠራው።

እኛ አገር ይህ ችግር በሁለት መንገድ ይመጣል። አንዱ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ሌላው ሰዓቱ ነው፤ ጠዋት 3 ሰዓት የምንለው በኮምፒዩተሩ 9 ነው፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። ስለዚህ ቀኑን በእጅ ከመሙላት ይልቅ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ በሚለው ላይ አድርጋችሁ፣ በራሱ እንዲያስተካክል ማዘዝ ይሻላል። ልዩነቱ ዓመታት ከሆነ ግን ዊንዶውስ በራሱ ላያስተካክለው ይችላል፤ መጀመሪያ በእጅ ወደ ትክክለኛው ቀን አቅርቡት። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ቁጥሯ 2032 የሚል ነው። ኮምፒዩተሩን ከመብራት ነቅላችሁ ቀይሯት።

4. ስምና ፓስወርድ

ፓስወርድ ስንጽፍ የሚታየን ነጠብጣብ ብቻ ነው። አማርኛ ስንጽፍ ቆይተን የኪቦርዱን ቋንቋ ሳንመልስ ፓስወርድ ብንጽፍ ነጠብጣቡ የያዘው ፊደል ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ማስታወሻ መጻፊያ ላይ ጻፉትና በዓይናችሁ እዩት፤ ከዚያ ወዲያው አጥፉት። የትልቅ ፊደል ቁልፉም በርቶ እንዳይሆን። ሦስት ጊዜ ተሳስታችሁ ከሆነ ቆም በሉ፤ አንዳንድ ሰርቨር ደጋግሞ የሚሳሳትን ሰው ለጊዜው ይዘጋዋል። እንደ እኔ አሥር ጊዜ መሞከር አዲስ ችግር መጥራት ነው።

5. በሩ ክፍት ነው?

እያንዳንዱ የቪፒኤን ዓይነት የሚያልፍበት ቁጥር ያለው በር አለው። ኦፕንቪፒኤን በተለመደው አሠራሩ በዩዲፒ 1194፣ ዋየርጋርድ ብዙውን ጊዜ በዩዲፒ 51820፣ አይኬኢ ስሪት 2 በዩዲፒ 500 እና 4500 ያልፋሉ። ኤስኤስቲፒ የሚባለው ደግሞ ቁልፍ ያላቸው ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት በቲሲፒ 443 ያልፋል። የሆቴል ዋይፋይ ወይም የመሥሪያ ቤት ራውተር ሌሎቹን በሮች ቢዘጋም 443ን ብዙ ጊዜ አይዘጋም። ስለዚህ ፕሮግራማችሁ ምርጫ የሚሰጥ ከሆነ ወደ ቲሲፒ 443 ቀይራችሁ ሞክሩ። ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፣ ግን ያልፋል።

ፋየርዎልን በተመለከተ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ መተው ትልቅ ስህተት ነው። እሱ እንደሆነ ከጠረጠራችሁ የቪፒኤኑን ፕሮግራም ብቻ እንዲያሳልፍ ፍቀዱለት። አንቲቫይረሱም የራሱ ፋየርዎል ሊኖረው ስለሚችል እዩት። ሁለት ቪፒኤን ባንድ ላይ አታሠሩ፤ እኔን ያየ ይቀጣ።

አሮጌውን ፒፒቲፒ ምረጡ የሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት። ስለሚቀል ብዙ አሮጌ መመሪያ ላይ አለ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የሚጠቀምበት የማረጋገጫ ዘዴ ሊሰበር እንደሚችል በይፋ ታይቷል፤ አፕልም በ2016 ከስልኮቹና ከኮምፒዩተሮቹ አውጥቶታል። ሻንጣው መቆለፊያ ያለው ይመስላል እንጂ የለውም።

6. «ተገናኝቷል» ይላል፣ ግን ምንም አይከፈትም

ይሄ ከሁሉም ያናድዳል። ሦስት የተለመዱ ምክንያቶች አሉት። አንደኛው ዲኤንኤስ ነው፤ ከላይ እንዳልነው በቁጥር ሞክሩት። ሁለተኛው የአድራሻ ግጭት ነው። የብዙ ቤት ራውተር 192.168.1 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ያድላል። የምትገቡበት መሥሪያ ቤትም ያንኑ የሚጠቀም ከሆነ ኮምፒዩተራችሁ 192.168.1.20ን ሲፈልግ እዚሁ ቤት ውስጥ ይፈልጋል እንጂ ወደ ሻንጣው አይልከውም። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ የቤት ቁጥር እንዳለ ቁጠሩት። መፍትሔው የቤታችሁን ራውተር ወደ ሌላ፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.50 መቀየር ነው።

ሦስተኛው የጥቅል መጠን ነው። በተለመደው መስመር አንድ ጥቅል እስከ 1500 ባይት ይይዛል። ቪፒኤን በላዩ ላይ መጠቅለያ ሲጨምርበት በመስመሩ የማያልፍ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ትንንሽ ነገር ያልፋል፣ ትልቅ ገጽ ወይም ፋይል ግን መሃል ላይ ይቆማል። ኤምቲዩ የሚለውን ቁጥር ወደ 1400 ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ካልሆነ 1300።

7. «ተገናኝቷል» ይላል፣ ግን ያፈሳል

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ዋናው ይሄ ነው። እንቢ ያለ ቪፒኤን ቢያንስ ይነግራችኋል። የሚያፈስ ግን ዝም ብሎ አሳልፎ ይሰጣችኋል። ስለዚህ ሁሉንም መስመር የሚሸፍን ቪፒኤን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ከመገናኘታችሁ በፊት «አድራሻዬ ምንድነው» የሚል ድረ ገጽ ከፍታችሁ ቁጥሩን ጻፉ፤ ከተገናኛችሁ በኋላ እንደገና እዩ። ካልተለወጠ ፖስታችሁ ያለ ሻንጣ እየሄደ ነው። አንዳንድ ቪፒኤን የአይፒ ስሪት 4ን ብቻ ሸፍኖ ስሪት 6ን ይተዋል፤ ሁለቱንም ተመልከቱ። ቪፒኤኑ በድንገት ሲቋረጥ ኢንተርኔቱንም አብሮ የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ በብዙ ፕሮግራሞች ላይ አለ፤ ኪል ስዊች ይባላል። አብሩት። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቤት ውስጥ ይህች ነገር ቅንጦት አይደለችም።

ስለ ነፃ ቪፒኤን አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 የአውስትራሊያው የምርምር ተቋም ሲኤስአይአርኦ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው 283 የአንድሮይድ ቪፒኤኖችን መርምረው ነበር። 38 በመቶዎቹ ውስጥ የጎጂ ፕሮግራም ምልክት ተገኘ፤ 18 በመቶዎቹ ደግሞ የሚያልፍባቸውን መልእክት ጭራሽ አይቆልፉም ነበር። እኔ ያን ሌሊት ስሙን የማላውቀውን ፕሮግራም ስጭን፣ በቴሌግራም አልክም ብዬ የጠበቅኩትን ምስጢር ለማላውቀው ሰው ልሰጥ ነበር። ያዳነኝ እሱም አለመሥራቱ ብቻ ነው።

ለማጠቃለል

ይህን ሁሉ ስጽፍ የገረመኝ ነገር ክፍል ውስጥ ስለ ምንጭ ማጣራት የምንማረው ከዚህ ጋር አንድ መሆኑ ነው። መጀመሪያ የተባለውን በትክክል መስማት፣ በሁለት የተለያየ መንገድ ማረጋገጥ፣ ያልተረጋገጠውን አለመጨመር። ያን ሌሊት ኮምፒዩተሩ የነገረኝን አልሰማሁም፣ በሌላ መንገድ አላረጋገጥኩም፣ በዚያ ላይ አዲስ ችግር ጨመርኩ።

አሁን ከኮምፒዩተሩ አጠገብ አንድ ደብተር አለች። ቀን፣ የታየው መልእክት፣ የተለወጠው ነገር፣ ውጤቱ፤ አራት መስመር ብቻ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ወንድሜ በትልቁ «እዚህ ቤት ሁለት ዓመተ ምሕረት አለ» ብሎ ጽፎበታል።

ሴትየዋን ከወር በኋላ አግኝቻት «ያ ነገር ደህና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ባትሪውም፣ ስለ ሰርተፍኬቱም፣ ስለ ተቀነሰው ነጥብም አልነገርኳትም። «ደህና ነው፤ ከእኛ ውጭ ማንም አልሰማውም» አልኳት። ይህን ሳልዋሽ መናገር መቻሌ ከነጥቡ በለጠብኝ። እናንተም ሌሊት ላይ እንቢ ሲላችሁና «ዝም ብለሽ ላኪው» የሚል ስልክ ሲደወል፣ በቅድሚያ የስክሪኑን ጥግ ተመልከቱ።

ቸር ይግጠመን!